ቦርከናን ልየው ብዬ፦ ሦስት ቀን በደሴና በኮምቦልቻ

እናቴ ደሴ ተወልዳ ያደገች ናት። ልጆች ሆነን ስለ ቦርከና ስታወራን ወንዙን እንደ ዘመድ ነበር የምታነሳው። «ቦርከና መጣ» ካለች ክረምት ገብቶ ሞልቷል ማለቷ ነው። «ቦርከና ተቆጣ» ካለች ደግሞ የሰው አጥር ወስዷል። እኔ ግን ደሴ የምሄደው ለለቅሶ ወይ ለሰርግ ነው። ወንዙን ከድልድይ ላይ አልፌው እመለሳለሁ። ፏፏቴ እንዳለው እንኳ የሰማሁት አምና ነው። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሦስት ቀን ሳገኝ ለማንም ዘመድ ሳልደውል፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ደብረ ብርሃን ቁርስ በላን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። ጣርማበርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ሰዉ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል።

ቦርከናን መጀመሪያ ያየሁት ከሚሴ አካባቢ ነው። እስከ ዛሬ እዚያ ስደርስ እተኛ ነበር። አሁን ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሳሁም። ጨፋ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ወንዙ ይተኛል፤ ረግረግ ይሆናል፤ ሣር ያበቅላል። በጋ ሲገባ ከአፋር ሳይቀር አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ የሚመጣው እዚህ ነው። ከዚህ አልፎ ቦርከና ጉዞው ወደ አዋሽ ነው። እኛ እንግዲህ ከጅራቱ ወደ ራሱ እየወጣን ነው ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን መሐል ላይ ሐረጎ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ የጎን ተቀማጮች ጸሎት ይጀምራሉ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር። በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ጆሮዬ ሁለቴ ተደፈነ። እኛ በመኪና እየተጠማዘዝን የወጣነውን ከፍታ ወንዙ ወደ ታች መውረድ አለበት። ለእሱ ደግሞ ማንም ጥምዝ መንገድ አልሠራለትም። መዝለል ነው ያለው።

ደሴ የገባነው ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነው። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ቆሟል። ሻንጣችንን ጥለን አይጠየፍ አዳራሽን ለማየት ሄድን። ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩት አዳራሽ ነው። ስሙን ያገኘው እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሀብታሙም ደሃውም ሳይጠየፍ ሳይጠያየፍ የሚበላበት ቤት ስለነበረ ነው ይባላል። ንጉሡ ራሳቸው ኢማም መሐመድ አሊ ተብለው የኖሩ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሱ ሰው ናቸው። ወሎን በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፌ ያሰብኩት ስለ ጠጁ ነው። እዚህ ስንት ጋን ተጥሎ ይሆን?

ያ ሐሳብ ማታ ጠጅ ቤት አስገባን። የቀረበልን ብርሌ ውስጥ ያለው ነገር ቢጫነቱ ይጮሃል። ቀመስኩት። ስኳር ነው። ማር የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ሒሳቡን ከፍለን ወጣን። አዘንኩ እንጂ አልተናደድኩም። ማር ተወዷል፤ ስኳርና ቀለም ቀላል ነው። ግን «የማር ጠጅ» ብሎ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

እሁድ

አስጎብኚያችን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፒያሳ ጠበቀን። ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው፤ ቱሪዝም ተምሯል። ትከሻው ላይ የተጣጠፈ ባዶ ማዳበሪያ አንጠልጥሏል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

«መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ያለውን ቦርከና እዩት፤ ከዚያ ነው ፏፏቴው የሚገባችሁ» አለን። ቦርከና የሚነሳው ከወደ ኩታበር ካሉት ተራሮች ነው። ደሴን መሐል ለመሐል አቋርጦ ይሄዳል። ድልድዩ ላይ ቆመን ወደ ታች አየን። ውሃው ቀጭን ነው፤ ዳር ዳሩ ፌስታል ነው። አንዲት እናት ከላይ በኩል ቆሻሻ በባልዲ ደፍታ ሄደች። ልጁ ምንም አላለም። አቀርቅሮ ብቻ አየ። እኔም ዝም አልኩ፤ የእናቴ «ዘመድ» እንዲህ ሆኖ ሳየው ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ።

የኮምቦልቻ ሚኒባስ ያዝን። ትንሽ ወርደን «ወራጅ አለ!» አለ ልጁ፤ ረዳቱ በሩን ደበደበ፤ ወረድን። ከዚያ በእግር ነው። ቁልቋል አጥር ለአጥር እየተከተልን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየረገጥን ወረድን። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። አንዲት ገበሬ ባቄላ እሸት ስትለቅም አገኘናት። ገና ሰላም ሳንላት «ኑ እሸት ብሉ፣ በሞቴ!» ብላ በእቅፏ ሰጠችን። ወሎ ውስጥ እንግዳ ሆኖ በባዶ እጅ ማለፍ አይቻልም።

ለመሄድ ያሰበ ካለ ስለ ጫማ ልንገራችሁ። ሶሉ የለሰለሰ ጫማ አታድርጉ። ባልደረባዬ ለከተማ የሚሆን ስኒከር አድርጋ ነበር። ከድንጋዩ ላይ ሁለቴ ተንሸራታ ሁለተኛው ላይ ክርኗ ተላጠ። ልጁ ክንዷን ይዞ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለ አወረዳት። ዝናብ በዘነበ ማግስት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ወንዙ ከደሴ ሲወጣ የሚገባበት ጠባብ ገደል ዶሮ መዝለያ ይባላል አለን። ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ግራና ቀኙ ተጠጋግቷል። ድምፁን የሰማነው ውሃውን ከማየታችን በፊት ነው። መጀመሪያ ንፋስ መሰለኝ። ቀጥሎ ሩቅ ያለ ከባድ መኪና መሰለኝ። ከዚያ መታጠፊያውን ስንዞር ቦርከና ፊት ለፊታችን ወደቀ።

እንዴት ልንገራችሁ? ዘንድሮ ክረምቱ ደህና ነበር፤ ውሃው ገና አልጎደለም። ከላይ አንድ ሆኖ ይመጣና አንድ ጥቁር ድንጋይ ሲያገኘው ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወፍራም ነው፣ ይጮሃል። ቀኙ ቀጭን ነው፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግቶ ይወርዳል። ታች ሲደርሱ ይገናኛሉ። ፍንጣቂው ፊታችን ላይ ይደርስ ነበር፤ ቅዝቃዜው ጥርስ ያስነክሳል። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሽበት አለ። ተጠግቼ በጣቴ ነካሁት። እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ጠብታዎች ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዷ ትወድቃለች፤ ሌላዋ ትተካለች።

ልጁ ፏፏቴው ለምን እዚህ እንደሆነ በትር አንስቶ መሬት ላይ እየሣለ አስረዳን። የወሎ ተራራ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየፈሰሰ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በእንጀራ ላይ እንጀራ ማለት ነው። በኋላ ምድሩ በአፋር በኩል ተሰነጠቀና ደረጃ በደረጃ ሰመጠ። ደሴ ላይኛው ደረጃ ላይ፣ ኮምቦልቻ ታችኛው ላይ ቀሩ። ወንዙ በዚህ ጠርዝ ሲወርድ አንዱ ንብርብር ጠንካራ፣ ከሥሩ ያለው ልል ይሆንበታል። ልሉን ይቦረቡረዋል። ጠንካራው ግን አፉን አውጥቶ ይቀራል። ውሃው ከእሱ ላይ ይዘላል። እንዲህ አድርጎ ሲያስረዳኝ የትምህርት ቤት ጂኦግራፊዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም ሰጠኝ።

ከዚያ ማዳበሪያውን ዘረጋ። ከፏፏቴው ሥር ውሃው ክብ ሠርቶ የሚዞርበት ኩሬ አለ። ኩሬው ላይ የሃይላንድ ላስቲኮች ይሽከረከራሉ። ከከተማ የመጡ ናቸው፤ ማለዳ ከድልድዩ ላይ ያየናቸው ዘመዶች። ልጁ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። መልቀም ጀመረ። እኛም ጫማችንን አውልቀን ተከተልነው። ውሃው ጉልበት ያደነዝዛል። ሰው ባመጣ ቁጥር እንዲህ እንደሚያደርግ ነገረን።

«ነገ ተመልሶ ይሞላ የለ?» አለችው ባልደረባዬ።

«ይሞላል» አለ። «ግን ዛሬ የለቀምኩት ጨፋ አይደርስም። ላም አትበላውም።»

ማዳበሪያው ከግማሽ በላይ ሞላ። ከላስቲኮቹ መሐል ሁለት ድንጋይ ውስጥ የተሰነቀረች አንዲት የሕፃን ጫማ አገኘሁ። ሮዝ፣ የግራ እግር፣ ከመዳፌ የማትበልጥ። ቢራቢሮ አለባት። ማዳበሪያው ውስጥ መጨመር ከበደኝ። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳኋት፤ ከዚያ ጨመርኳት።

ምሳችን በሶና ድፎ ዳቦ ነበር፤ ፀሐይ እየሞቅን በላን። ወደ 8 ሰዓት ገደማ የማዶውን አቀበት ይዘን ወደ አንድ መንደር ወጣን። ከመንደሩ ጫፍ የየጎፍ ተራራ ደን ይታያል። ልጁ አንድ ግቢ ፊት ቆሞ «እትዬ! እንግዳ ይዤ መጣሁ!» አለ።

የወጡት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አንድ በአንድ ሳሙን። ቤታቸው ጠጅ ቤት አይደለም፤ ግን ለሰርግና ለማኅበር ጠጅ የሚጥሉት እሳቸው ናቸው። ጓዳው ጨለም ያለ ነው፤ የወይራ ጢስ ይሸታል። ሦስት ጋን በጨርቅ ታስረው ቆመዋል።

«ጆሮሽን አስጠጊ» አሉኝ። መሐለኛው ጋን ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ውስጡ ይፈላል። ዝናብ ከሩቅ ሣር ላይ ሲዘንብ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ከጠዋቱ ፏፏቴ በኋላ ይቺ ትንሽ ድምፅ ለምን እንደነካችኝ አላውቅም። ብዙ ቆየሁ። እሳቸውም አላስነሱኝም።

አጣጣላቸውን ጠየቅናቸው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ያጥቡታል፤ አንጠፍጥፈው በወይራ ያጥኑታል። ማር አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ። ማሩ ጥሩ ከሆነ አራት። በእጅ እየታሸ ይበረዛል፤ ሰፈፉ ወደ ላይ ሲወጣ ይገፈፋል። ለጥቂት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ ጌሾው ቅጠሉም እንጨቱም ተቀቅሎ ይገባል። ቀዝቃዛ አገር ስለሆነ ደሴ ላይ ይዘገያል፤ ወደ ቆላው ወረድ ካሉ ይፈጥናል። ከሁሉ በላይ የሚቆጡት በስኳር ነው።

«ስኳር የገባበት ጠጅ በማግስቱ ራስ ይሰብራል። ማር ግን ያስተኛል እንጂ አያሳምምም» አሉ።

መቅመስ ጀመርን። ከእያንዳንዱ ሲቀዱ መጀመሪያ ትንሽ ወደ መዳፋቸው ያፈሳሉ፤ ራሳቸው ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ነው ለእኛ የሚሰጡን። ሥርዓቱን ከእናቴ አውቀዋለሁ። ምንም እንደሌለበት ማሳያ ነው። ልቤ ሞቀ።

የመጀመሪያው ብርዝ ነው፤ ሦስት ቀኑ ነው። ጌሾ አልገባበትም። ጣፋጭ ነው፤ የአበባ ሽታው ገና አለ። አስጎብኚያችን እስላም ስለሆነ ለእሱ ለብቻ በተቀመጠች ኩባያ ይኸው ቀረበለት። «የእሱ ኩባያ ናት፤ ጠጅ ነክቷት አያውቅም» አሉ እትዬ። ሳይጠየቁ፣ ሳይባሉ። እሱም «አላህ ይስጥልኝ እትዬ» ብሎ ተቀበለ። ትናንት አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ የሰማሁት ነገር እዚህ ጓዳ ውስጥ በአንዲት ኩባያ ተቀምጧል።

ሁለተኛው መካከለኛው ነው። ማሩ ከፊት ይመጣል፤ ጌሾው ከኋላ ይከተላል። ምላስ ዳር ላይ መረር ይላል። ባልደረባዬ ይሄን ነው የወደደችው። ሦስተኛው የቆየው፣ ደረቁ ነው። ጣፋጭነቱ አልቋል። ጉሮሮ ይዞ ይወርዳል፤ ደረት ላይ ሲደርስ ይሞቃል። የወይራው ጢስ ደግሞ በስተመጨረሻ አፍንጫ ውስጥ ብቅ ይላል። እኔ ይሄን ወደድኩ። ሁለት ብርሌ ጠጣሁ። ሦስተኛውን «ጠጪ እንጂ፣ በሞቴ» ሲሉኝ በግድ እምቢ አልኩ። የሚጠብቀን አቀበት ነው።

ማሩ ከየት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቀፎዎቹ ከቤቱ ጀርባ፣ ፊታቸውን ወደ ደኑ አዙረው ተቀምጠዋል። የአደይ አበባው ማር ገና ሊቆረጥ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ነው ጊዜው። የቀመስነው ጠጅ ከአምናው ነው። አምና ግን ማሩ አነሰ አሉ። ከሜዳው ማሳ ላይ ፀረ አረም ሲረጭ ንቦቹ አበባ ሊቀስሙ ሄደው አይመለሱም። አንድ ቀን ጠዋት ከቀፎው በር ፊት ሞተው በእፍኝ እንደለቀሙ ነገሩን። ይሄን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ያኔ ነው ነገሩ የተያያዘልኝ። ደኑ ውሃውን ይይዛል፤ አበባውም ከዚያው ነው። ንቧ ከአበባው ትቀስማለች፤ ጠጁ በዚያው ምንጭ ውሃ ይበረዛል። አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነካል። ደሴዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ እባካችሁ ይሄን ወንዝ አትናቁት። እንግዳ ከሩቅ ሊያየው ይመጣል። እናንተ ደጃፍ ላይ ነው።

ሁለት ኪሎ ማር ከነሰፈፉ ገዛሁ። በባልዲ አድርገው፣ ክዳኑን በላስቲክ አስረው ሰጡኝ።

ማታ ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለችው አክስቴ ደወለች። እንዴት እንደሰማች አልጠየቅኳትም። ደሴ ነው። እራት እሷ ጋ በላን። ስልሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ኖራ ፏፏቴውን አይታው አታውቅም። በስልኬ የቀረጽኩትን አሳየኋት። ሦስቴ መልሳ አየችው።

ሰኞ

ኮምቦልቻ ወረድን። አየሩ ወዲያው ለሰስ ይላል። መናኸሪያው በባቲ ተጓዦች ተሞልቷል፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። እኛ ጊዜ አልነበረንም። ሌላ ጊዜ ለእሱ ብቻ እመጣለሁ።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ አለ፤ ቢራ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ብዙ ወጣት ሥራ ያገኘበት ነው፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቦርከናም በዚህች ከተማ ያልፋል። ተመራማሪዎች ፍሳሽ በሚገባባቸው ገባር ወንዞች ላይ እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉ ብረቶች አግኝተዋል። ከታች ጨፋ ላይ ከብት የሚጠጣው ይሄንኑ ውሃ ነው። ወንዙ ዳር ወርጄ ነበር፤ ብዙ አልቆየሁም። ትናንት ያቀፈኝ ውሃ መሆኑን ማመን ከበደኝ።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ላይ ባልዲውን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ጨፋ ስንደርስ ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ።

እናቴ ማሩን በጣቷ ቀመሰች። ሰፈፉን አኝካ መዳፏ ላይ ተፋች። «የየጎፍ በኩል ነው» አለች፤ እኔ ገና ምንም ሳልናገር። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። ፏፏቴውን አየች፣ ጋኖቹን አየች፣ ማዳበሪያውን አየች። ሮዟ ጫማ ላይ ስትደርስ ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። መነጽሯን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይቺ የየትኛው ሰፈር ልጅ ናት?» አለችኝ።